ሰኮና ያልረገጠው ጥግ

ወዲህ ጠጋ በሉማ፤ ዛሬ የማወጋችሁ የአበባ ነገር ነው። የአበባ ነገር ሲባል ፊታችሁን አታዙሩብኝ። ስለ አደባባይ ጌጥ፣ በጎማ ውኃ ስለሚጠጣ የሆቴል ግቢ አትክልት አይደለም የማወራው። ስለ ዋግ ነው፤ ስለ ሰቆታና በዙሪያዋ ስላለው ጋራ፣ ክረምት ሲወጣ ለጥቂት ሳምንታት ቢጫ ለብሶ ከዚያ ተመልሶ ድንጋዩን ስለሚያሳየው አገር። በዚያ አገር ስለሚማሩ የአንደኛ ደረጃ ልጆች፣ ከትምህርት ቤታቸው ግቢም አንድ ጥግ ቢሰጣቸው ስለሚሆነው ነገር ነው።

አገሩን ለማያውቅ እንዲህ ነው። ሰቆታ የተቀመጠችው ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ወደ ጋዝጊብላና ወደ ደሃና ሲወጡ ደጋው ይበረታል። ወደ ዝቋላ፣ ወደ አበርገሌና ወደ ሰሃላ ሲወርዱ ምድሩ እየሞቀ ሄዶ ተከዜ ላይ ያርፋል። ክረምቱ ዘግይቶ ገብቶ ቸኩሎ የሚወጣ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ያልሰጡትን ሌላ ወር አይሰጥም። ገበሬው ከድንጋዩ መሃል አፈር ፈልጎ ጤፉን፣ ማሽላውን፣ ገብሱንና ባቄላውን ይዘራል፤ ፍየልና በጉን ጋራ ላይ ይለቃል፤ ልጁን ከኋላቸው ይልካል።

ይህ ድንጋያማ አገር ታዲያ ማር አለው። ነጭ ማር። የዋግ ማር ስሙ ከአገሩ አልፎ የሄደ ነው። ማሩን ያነጣው ደግሞ ቀፎው ሳይሆን ንቧ የቀሰመችው አበባ ነው። መንታሴ የሚሏት አለች፤ ድንጋይ ለድንጋይ የምትበቅል፣ ነጣ ያለ አበባ የምታወጣ አጭር ቁጥቋጦ። ግርቢያ አለች። ጥንጁት አለ፤ እናቶቻችን የወተቱንና የጠላውን ዕቃ የሚያጥኑበት። ክረምቱ ሲወጣ እነዚህና አደይ አበባ ተከታትለው ሲያብቡ ንቡ ሌት ተቀን አይልም፤ ጥቅምትና ሕዳር ላይ ማሩ ይቆረጣል። የሆለታ ንብ ምርምር ማዕከሉ አድማሱ አዲ ከጀርመናዊው ራይንሃርድ ፊሽትል ጋር በ1994 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የኢትዮጵያ የንብ ዕፀዋት መጽሐፍ እንዲህ ያሉትን ተክሎች አንድ በአንድ ከነሥዕላቸው ይዟል። መጽሐፉን ስታገላብጡ የምታገኟቸው አብዛኞቹ የአገራችን መንገድ ዳር ተክሎች ናቸው፤ በየቀኑ አልፈናቸው የምንሄደው።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ መንታሴን ማንም አልተከላትም። ችግኝ ጣቢያ አላፈላትም፤ ዘመቻ አልወጣላትም። በቅላ የተገኘች ናት። ጠፍታ በነበረበት ቦታ ተመልሳ የመጣችውም ሰው ዘርቷት ሳይሆን ሰው ትቷት ነው። የነገሩ ሁሉ ሥር እዚህ ላይ ነው፤ ታሪኩን ልንገራችሁ።

ጥቅምት 1977 ዓ.ም. ኮረም ላይ የተሰበሰበውን ረሃብተኛ ዓለም በቴሌቪዥን አየው። ከዚያ ሕዝብ ብዙው ከዋግ፣ ከላስታና ከራያ የወረደ ነበር። ዝናብ ቀርቶ ነበር፤ እሱን ሁሉም ያወራል። ያልተወራው ዝናቡ ሲመጣስ የሚይዘው ምን ነበር የሚለው ነው። ጋራው ተራቁቷል። እንጨቱ ለማገዶ ሄዷል፤ ተዳፋቱ እስከ አናቱ ታርሷል፤ የቀረውን ሣር ልቅ ግጦሽ ከሥሩ ነጭቶታል። ሐምሌ ላይ የወረደው ውኃ አፈሩን ጠርጎ ተከዜ ይከታል። አበባ የሚባል ነገር ገደል ጫፍና ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ብቻ ተረፈ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት እርከን መሥራት መጣ። ምግብ ለሥራ መጣ፤ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሴፍቲኔት መጣ፤ ጥር በገባ ቁጥር መንደሩ አካፋና ዶማ ይዞ የሚወጣበት የተፋሰስ ሥራ መጣ። ከሁሉም ሥራ ውስጥ ግን ብዙ ጉልበት ያልጠየቀውና ብዙ ትዕግሥት የጠየቀው አንዱ ነው፦ ጋራውን ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነጻ አድርጎ መተው። ቀበሌው ይሰበሰባል፣ ድንበሩ ይለያል፣ ከዚህ ወዲያ ከብት አይገባም ይባላል። የገባ ይቀጣል። ዘበኛ ይቆማል። ከዚያ መጠበቅ ነው። መጀመሪያ ሣሩና ቅጠላ ቅጠሉ ይመለሳል። ቁጥቋጦው ቆይቶ ይከተላል። ዛፉ ከሁሉም ኋላ ነው። ሥራ አጥ ወጣቶች ተደራጅተው እንዲህ ያለ ጋራ ላይ ቀፎ ሲሰቅሉ፣ የሚሰቅሉት ማንም ባልዘራው አበባ ላይ ነው።

ይህ ተአምር አይደለም፤ ምክንያቱ አፈሩ ውስጥ ነው። የደን ምሁራን በ1980ዎቹ ዓ.ም. ከደጋማ የኢትዮጵያ ደኖች አፈር ወስደው፣ ውኃ እያጠጡ ምን እንደሚበቅል ሲያዩ፣ በአፈሩ ውስጥ ተኝቶ የቆየ ዘር እጅግ ብዙ ሆኖ አገኙት። ነገር ግን አብዛኛው የዛፍ ዘር አልነበረም። የሣርና የአበባ፣ የቅጠላ ቅጠል ዘር ነበር። ዛፉ አንዴ ከተቆረጠ ዘሩም አብሮት ይሄዳል ማለት ይቻላል። ትንንሾቹ ግን አፈሩ ውስጥ ሆነው ቀን ይጠብቃሉ።

አሁን ወደ ትምህርት ቤት እንግባ።

የገጠር ትምህርት ቤት ግቢ ስትገቡ የምታዩት ተመሳሳይ ነው። መሃሉ የሰልፍ ሜዳ፣ ባንዲራው፣ ጠንክሮ እንደ አውድማ የተጠቀጠቀ መሬት፤ ዳር ዳሩን ባሕር ዛፍ። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ አረንጓዴ አሻራ ሲባል ልጆች በየሐምሌው ችግኝ ተሸክመው ይወጣሉ። ዛፍ መትከል መልካም ነው፤ ማንም አይከራከረኝም። ነገር ግን ልጁ ችግኙን ይተክላል፣ ይቆጠርለታል፣ ይሄዳል። ስለዚያ ተክል ምን እንዳወቀ የጠየቀው የለም። ከዚያም የባሰ፣ ቀድሞ የሚያውቀውን የጠየቀው የለም።

የሚያውቀውስ ምንድን ነው? አንዲት የአራተኛ ክፍል ልጅ በዓይነ ሕሊናችሁ አቁሙልኝ። ግማሽ ቀን ተማሪ ናት፣ ግማሽ ቀን እረኛ። ፍየል ክትክታን እንደማትነካ ታውቃለች። እምቧጮ አፏን ሲጎመዝዛት ደስ ይላታል፤ ልጡን ልጣ እያኘከች ትሄዳለች። ከራስ ክምር አበባ ውስጥ ማሩን መጥጣ ታውቃለች። ጭጎጎት ከየት በኩል ብትሄድ ቀሚሷ ላይ እንደሚጣበቅ፣ ንብ በየትኛው ሰዓት የትኛው አበባ ላይ እንደምትበዛ ታውቃለች። በአማርኛ ስሙን የማታውቀውን በአገሩ ቋንቋ በኽምጣና ታውቀዋለች። ክፍል ስትገባ ግን መምህሩ ጥቁር ሰሌዳ ላይ አንድ አበባ ስሎ ክፍሎቹን ያስገለብጣታል። ያ አበባ በዋግ የማይበቅል ነው። መምህሩን አልወቅስም፤ መጽሐፉ ያመጣለትን ነው የሚስለው። ሰቆታ ዙሪያ ያለ የአካባቢ ሳይንስ ክፍለ ጊዜ ግን የሰቆታን አካባቢ ቢያስተምር መልካም ነበር።

ሐሳቡ እንግዲህ ይህ ነው፦ ከግቢው አንድ ጥግ ይከለል። ሃያ እርምጃ በሃያ እርምጃ ይበቃል። ሰኮና እንዳይረግጠው ይደረግ። የአበባ መስክ ይሁን፤ ባለቤቶቹ ልጆቹ ይሁኑ።

በዘመን አቆጣጠራችን ዓመቱ የሚጀምረው ከመስከረም ቢሆንም የአበባ መስክ ሥራ የሚጀምረው ከሕዳር ነው። ዘር የሚለቀመው ያኔ ነውና። አደይ ደርቃ አንገቷን ስትደፋ፣ መጭ ሲጠቁር፣ የማገጥ ራስ ቡናማ ሲሆን። ዘሩ ከየት ይለቀማል? ከሁሉ የሚሻለው ቦታ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው። የአገራችን የቤተ ክርስቲያን ደኖች የዛፍ መጠለያ መሆናቸው ብዙ ተጽፎበታል፤ ከዛፉ ሥር ያለው ሣርና አበባ ግን ብዙም አልተወራለትም። ቅጥሩ ውስጥ ከብት አይገባም፤ ስለዚህ ዘሩ እስኪበስል የሚያደርስ ቦታ ነው። የደብሩን አስተዳዳሪ ማስፈቀድ ግዴታ ነው፤ ልጆቹም ከመጠን በላይ እንዳይለቅሙ ይነገራቸው። ከአሥር ራስ አንዱን፣ ሁለቱን መልቀም፤ የቀረው ለቦታው። ዘሩ በአሮጌ ደብተር ወረቀት ይጠቀለላል፤ ላዩ ላይ ስሙ፣ የተለቀመበት ቦታና ቀኑ ይጻፋል። ከዚያ ቅል ውስጥ ይገባል፤ አይጥ እንዳይደርስበት ከፍ ብሎ ይሰቀላል።

በእንግሊዝ አገር የሚያደርጉትም ከዚህ አይርቅም። እንግሊዝና ዌልስ ከ1930ዎቹ እስከ 1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ከአበባ መስካቸው 97 በመቶውን አጥተዋል፤ አርሰውት፣ ማዳበሪያ አፍስሰውበት። በ2013 እ.ኤ.አ. የያኔው ልዑል ቻርልስ ባስጀመሩት ሥራ ከተረፈ አሮጌ መስክ ላይ ሣሩ ታጭዶ፣ ዘሩን እንደያዘ፣ ወደ ሌላ ባዶ መስክ እየተወሰደ ይነሰነሳል። የእኛ ልጆችም ከቅጥሩ የታጨደ ሣር ሸክም ሁለት ሸክም ቢያገኙ ጥጋቸው ላይ ያራግፉት፤ እጅ ያልለቀመው ዘር ይረግፍላቸዋል።

ስለ እንግሊዞቹ አንድ ነገር ልጨምር፤ ዋግ ላይ ሲሰማ ያስገርማል። መስክ የሚያለሙ ሰዎች ሆን ብለው አንዲት ቢጫ አበባ ያላትን ጥገኛ ተክል ይዘራሉ። ሥሯን ከሣሩ ሥር ሰክታ ትመጠምጠዋለች፤ ሣሩ ይደክማል፤ ያን ጊዜ አበባው ቦታ ያገኛል። ይህች ተክል የአቀንጭራ ዘመድ ናት። አዎ፣ የማሽላችን ጠላት የአቀንጭራ! እኛ ግን አቀንጭራን በማንም ጥግ አንዘራም፤ የጎረቤት ማሽላ አጠገብ አለና። ለልጆቹ ግን ይነገራቸው፤ ያቺ ወይን ጠጅ አበባዋ የምታምረው ተክል ለምን እንደምትፈራ ሥሯን ነቅለው ይዩ። አበባ ሁሉ ወዳጅ አለመሆኑን ማወቅም ትምህርት ነው። አስተናግርንም እንዲሁ ያሳዩዋቸው፤ ነጭ አበባዋ ያምራል፣ ዘሯ ግን አእምሮ ያስታል፤ ይገድላልም። የሚነካም የሚቀመስም አይደለም። ፓርቲኒየም ከታየ ደግሞ ሳያብብ በፊት አዋቂ እጁን ሸፍኖ ይንቀለው፤ የልጅ ቆዳ ያሳክካል።

ጥር ላይ አጥሩ ይሠራል። ጥር መሆኑ ጥሩ ነው፤ ወላጆች ለተፋሰስ ሥራ በወጡበት አንድ ቀን ለትምህርት ቤቱ ቢሰጡ የድንጋይ ካብ ይቆማል። ዋግ ላይ የድንጋይ ችግር የለም፤ መካብ የማይችልም ሰው የለም። የእሾህ አጥር ያረጃል፣ ለማገዶም ይፈለጋል፤ ካብ ይሻላል። በር አትሥሩለት። መሻገሪያ ድንጋይ አድርጉለት፤ ልጅ ይሻገራል፣ በግ አይሻገርም። ፍየል ስለምትዘል ካቡ ላይ ትንሽ እሾህ ጣል ማድረግ ያስፈልጋል።

ግንቦት ላይ፣ ገና ዝናብ ሳይጥል፣ ክፍል ውስጥ የሚሠራ ነገር አለ። እኔ በጣም የምወደው ይህንን ነው። ሦስት የተሰበሩ ሸክላዎች ወይም አሮጌ ሳፋዎች ይምጡ። በአንዱ ከሰልፍ ሜዳው የተፋቀ አፈር፣ በአንዱ ከገበሬ ማሳ፣ በአንዱ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር የመጣ አፈር ይደረግ። መስኮት ሥር ይቀመጡ፤ በየቀኑ ውኃ ይረጭባቸው። ማንም ምንም አይዝራባቸው። ከዚያ ልጆቹ በየጠዋቱ ብቅ ያለውን ይቁጠሩ። የእነዚያ የደን ምሁራን ሥራ ይሄው ነው፤ ሦስተኛ ክፍል ሊሠራው ይችላል። የትኛው አፈር ብዙ ዓይነት እንዳበቀለ ልጆቹ ራሳቸው ይንገሩን፤ መምህሩ አስቀድሞ መልሱን አይንገራቸው።

ጥጉ ላይ ፍግ አትጨምሩ። ይህን ስል ገበሬ ወላጆች ግር ይላቸዋል፤ መሬት ሁሉ ፍግ ይወዳል ብለው ነው የኖሩት፤ ለጎመንና ለበቆሎ እውነታቸው ነው። መስክ ላይ ግን ፍግ የሚያጠግበው ረጃጅሙን ሣር ነው። እሱ ይመዛል፣ ያጠላል፣ አበባውን ከሥሩ ያፍነዋል። የከሳ አፈር ላይ ሁሉም አብሮ ይኖራል። ዋግ እድለኛ የሆነችበት አንድ ነገር ቢኖር ይሄ ነው፤ የከሳ አፈር ሞልቷታል። የተጠቀጠቀውን መሬት በዶማ ጫር ጫር ማድረግ በቂ ነው።

ሰኔ ላይ ፈተና አልቆ ልጆቹ ከመበተናቸው በፊት ይዘራል። ዝናቡ ከዘገየም በሐምሌ መጀመሪያ፣ አቅራቢያ ያሉት ልጆች ተጠርተው። ዘሩ ከደረቅ አሸዋ ጋር ይደባለቅና ይበተናል። አይቀበርም። የጤፍ ማሳ በከብት እንደሚረገጥ ልጆቹ ተሰልፈው በባዶ እግራቸው ይርገጡት። ሰኮና የማይገባበት ቦታ በልጆች እግር ይረገጣል ማለት ነው፤ ያውም እየዘፈኑ።

ከዚህ በኋላ ሁለቱ ክፉ ወራት ይመጣሉ። ክፉ የምላቸው ትምህርት ቤቱ ስለሚዘጋ ነው። መምህራን ይሄዳሉ። ሣሩ ግቢው ውስጥ ሲለመልም ውጭ ያለው በሬ ያየዋል፤ የበሬው ባለቤትም ያያል። ብዙ የትምህርት ቤት ችግኝ የጠፋው በዚህ ጊዜ ነው። የእኔ ምክር አጥሩን እረኛ ልጆች ይጠብቁት ነው። ማንም ዘበኛ ከእነሱ በላይ ከብት የት እንደሚሾልክ አያውቅም። የየመንደሩ ልጆች ተራ ይግቡ፤ ተራቸውን መምህሩ በሰኔ ጽፎ ይለጥፍ፤ ስማቸው በትልቁ ይጻፍ። እስከዛሬ ከብት አስገባችሁ ተብለው ሲገረፉ የኖሩ ልጆች ናቸው፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ከብት የሚያስወጡ ይሁኑ።

ነሐሴ ሲጋመስ ሻደይ ይመጣል። ከነሐሴ 16 እስከ 21 ልጃገረዶቹ ለምለሙን ሣር ወገባቸው ላይ አስረው፣ ተኳኩለው፣ ከበሮ ይዘው ይወጣሉ። ሰቆታ በእነዚያ ቀናት ሌላ ናት። ያ ሣር ከየት ይመጣል ብላችሁ ጠይቁ። ከብት ከነጨው ሜዳ አይመጣም፤ ረጅምና ሙሉ ሆኖ የሚገኘው ከምንጭ ዳር፣ ከገደል ሥር፣ ከተከለለ ቦታ ነው። በዓሉም መስክ ይፈልጋል ማለት ነው። ከሻደይ በኋላ ያሉት ሳምንታት አደይ የምታብብባቸው ናቸው፤ እንቁጣጣሽ ይመጣል፣ ልጆቹ እቅፍ አበባ ይዘው ከቤት ቤት ይዞራሉ፣ ደመራው ላይ አደይ ትታሰራለች። ታዲያ ትምህርት የሚከፈተውም ያኔ አይደለም ወይ? የሌሎች አገሮች መምህራን የሚመኙት ነገር ለእኛ በነጻ ተሰጥቶናል። ልጁ ደብተር ይዞ ግቢ በሚገባበት ቀን መስኩ አብቦ ይቀበለዋል፤ መጀመሪያው ትምህርት እዚያው መሆን ይችላል።

ምን ይማራል? አንዲት አደይ ትቀጠፍ፤ ለአንድ ቡድን አንዲት። ዳር ዳሩን የከበቧትን ቢጫ ክንፎች አንስተው መሃሏን በጥፍራቸው ይፈልቅቁ። ጥቃቅን ቱቦዎች እየተለቀሙ ይወጣሉ። እያንዳንዷ ቱቦ አበባ ናት፤ ከእያንዳንዷ አንድ ዘር ይጠበቃል። ዳር ያሉት ክንፎችም አበቦች ናቸው፤ ዘር ግን አይሰጡም፤ ሥራቸው ንቧን መጥራት ነው። ልጁ አንድ አበባ ብሎ የቀጠፋት አደይ መንደር ሆና ትገኛለች። ይቁጠሩ። የቡድኑን ከቡድን ያስተያዩ። ከዚያ ኑግ ካለ ኑግን፣ መጭን፣ ጭጎጎትን አምጥተው መሃላቸውን ይፈልቅቁ፤ ዝምድናቸውን መምህሩ ሳይነግራቸው ያገኙታል።

ማገጥንም ከሥሯ ያውጧት፤ አፈሩ እርጥብ ሲሆን ቀስ ብለው። ሥሯ ላይ የተንጠለጠሉ ደቃቅ እብጠቶች ያያሉ። አንዷን ቢሰነጥቋት ውስጧ ቀላ ያለ ነው። ያ ቅላት ሥራ ላይ መሆኗን ያሳያል፦ ከአየር ላይ ናይትሮጅን ወስዶ ለተክሏ የሚያበላ ባክቴሪያ እዚያ ውስጥ ይኖራል። ባቄላና ሽንብራም እንዲሁ ናቸው። ኢትዮጵያ ከ20 የሚበልጡ የማገጥ ዓይነቶች አሏት፤ ጥቂቶቹ ከእኛ በቀር የትም የሉም። አባቱ ባቄላ ከዘራበት መሬት በቀጣዩ ዓመት ገብስ ለምን እንደሚያምርለት ልጁ ከዚያች እብጠት ላይ ይረዳል፤ ማታም ለአባቱ ይነግራል።

ሒሳቡም እዚያው ነው። አራት ዱላና ገመድ ይዘው አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ይከልሉ፤ ውስጡ ስንት ዓይነት ተክል እንዳለ ይቁጠሩ። ከካቡ ውጭ ያንኑ ያህል ይከልሉ፤ ይቁጠሩ። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ይጻፉ። በየዓመቱ መስከረም በዚያው ቦታ ይድገሙት። አንደኛ ክፍል የጀመረ ልጅ ስድስተኛ ሲደርስ የስድስት ዓመት መዝገብ በእጁ ይኖራል፤ ይህን የመሰለ መዝገብ ስንት ትልቅ መሥሪያ ቤት እንዳለው እንጃ። የኢትዮጵያና የኤርትራን ዕፀዋት የመመዝገቡ ሥራ በ1980 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ በ2009 እ.ኤ.አ. ነው የተጠናቀቀው፤ ወደ 6 ሺህ የሚጠጋ ዓይነት ተመዝግቧል፤ ከአሥሩ አንዱ ያህል ሌላ አገር የለም። መጻሕፍቱ አዲስ አበባ ናቸው። የሰቆታ ልጅ ደግሞ የራሱን ጥግ ይመዝግብ። ስሙን በኽምጣናም በአማርኛም፤ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በቀለም ጽፎ ከተክሉ ሥር ያኑር። ስሙን የማያውቅ ካለ አያቱን ይጠይቅ። የማታ ትምህርት ከአያት ነው።

እዚህ ስደርስ የሚነሳውን ጥያቄ አውቀዋለሁ፤ ይገባኛልም። ልጅ በተራበበት አገር አበባ? ሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት መቀንጨር በ2030 እ.ኤ.አ. እንዲያበቃ ሲወስን ውሳኔውን የሰቆታ ቃል ኪዳን ያለው በከንቱ አይደለም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ዋግ ክፉኛ ተጎድታለች፤ ከአበርገሌና ከዝቋላ የተፈናቀሉ ቤተሰቦች ሰቆታ ዙሪያ ተጠልለዋል፤ ብዙ ትምህርት ቤት ተጎድቷል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ድርቁ መጣ። ይህን ሁሉ አውቄ ነው የምናገረው።

መልሴ ይህ ነው። የጓሮ አትክልቱ ይቅደም፤ ማንም አይንካው። ነገር ግን ዱባው ንብ ካልጎበኘው ፍሬ አይዝም። ባቄላው ንብ ሲመላለስበት ይበልጥ ይሰጣል። ንቡ ደግሞ ዱባው እስኪያብብ ድረስ የሚበላው ይፈልጋል። አትክልቱን ከመስኩ አጠገብ ያደረገ ትምህርት ቤት ሁለቱንም አገኘ ማለት ነው። ቀፎ ማምጣት ከተፈለገ ከክፍሎቹ ራቅ ብሎ፣ በአዋቂ ይሰቀል፤ ስለ አያያዙ ሰቆታ ያለው የደረቅ ምድር ግብርና ምርምር ማዕከል ይጠየቅ፤ ሥራው ነውና። መስኩ ዘር፣ ሣር፣ ካብና የልጆች ጊዜ ይፈልጋል እንጂ የሚገዛ ነገር አይፈልግም። ገንዘብ የሌለው ትምህርት ቤት የሚችለው ሥራ ነው። ከአበርገሌ የመጣው ልጅም የቆላውን ተክል ያውቃል፤ የደጋው ልጅ የማያውቀውን። አጠገቡ ለተቀመጠው ልጅ የሚያስተምረው ነገር አለው። ቤቱን ጥሎ የመጣ ልጅ አዋቂ ሆኖ የሚቆምበት ቦታ ያስፈልገዋል።

ዝናብ ቢቀርስ? ይቀራል። በዋግ የማይቀርበት ዘመን የለም። ያኔ መስኩ ባዶ ሆኖ ይከርማል፤ ልጆቹም ሜትራቸውን ከልለው ዜሮ ይጻፉ። ዘሩ አፈር ውስጥ ነው። ካቡን ግን በዚያ ዓመት ማፍረስ የለም፤ ድርቅ ሲሆን ከብት ይበልጥ ይራባልና ያኔ ነው የሚፈተነው።

የቀረችኝ የማጨዱ ጉዳይ ናት፤ ጠብ የሚነሳባትም እሷ ስለሆነች አስረግጬ ልንገራችሁ። ጥቅምት መጨረሻ ወይም ሕዳር ላይ፣ ዘሩ ከተራገፈ በኋላ፣ መስኩ መታጨድ አለበት። ካልታጨደ ሣሩ ወድቆ ይበሰብስና መሬቱን ያወፍረዋል፣ በቀጣዩ ዓመት አበባው ይታፈናል። ከብት አስገብቶ ማስጋጥ ግን አይሆንም፤ በማጭድ ነው። ሣሩ ከግቢው መውጣት አለበት። ወዴት ይውጣ? በዋግ የድርቆሽ ዋጋ የማያውቅ ሰው የለም፤ ሰኔ ላይ ድርቆሹ ያለቀበት ባለበሬ ምን እንደሚከፍል ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ስለዚህ የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረቱ (ወተመህ) ገና ካቡ ሳይቆም፣ ጥር ላይ በሚሰበሰብበት ቀን፣ ይህን ወስኖ በቃለ ጉባኤ ያስፍር፦ የሣሩ እኩሌታ ክረምቱን ተራ ገብተው ለጠበቁት ልጆች ቤተሰብ ይከፈል። እኩሌታው ይሸጥና ደብተርና እርሳስ ይገዛበት። ዘሩ ለልጆቹ ቅል ይቅር። ርዕሰ መምህሩ ይፈርም፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ይፈርም፤ ከስድስተኛ ክፍልም አንድ ተማሪ ይፈርም።